ዊልያም ብላንፎርድና የድንጋይ ምስክርነት

ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ለንግድ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከ1852 ዓ.ም. ጀምሮ ከታናሽ ወንድሙ ከሄንሪ ጋራ በማዕድን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1855 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች ጂኦሎጂ በሚባለው የምድር ምርመራ ሥራ ተቀጥረው ወደ ሕንድ አገር ተሻገሩ።

በዚያም ታልቺር በሚባል ስፍራ የድንጋይ ከሰል እንዲመረምሩ ታዘዙ። ሲመረምሩም በደቃቅ ደለል ውስጥ ትልልቅ ድንጋዮች ተቀብረው አገኙ። ትልቁን ድንጋይ የሚያንከባልል ብርቱ ወራጅ ውሃ ደቃቁን ደለል ጠርጎ ይወስደዋል እንጂ ሁለቱን ባንድነት አያስቀምጣቸውም። ስለዚህ ድንጋዮቹን ተሸክሞ ያመጣቸው በጥንት ዘመን የነበረ በረዶ ነው ብለው በ1856 ዓ.ም. አስታወቁ። ብላንፎርድ ይህን ሲመረምር ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ሕንድ የሐሩር አገር ናትና ነገሩ ለብዙዎች የማይታመን መሰለ። በ1872 ዓ.ም. ግን በሌላው የሕንድ ክፍል በረዶ የፋቃቸው ድንጋዮች ተገኝተው ምስክር ሆኑ።

በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተ ጊዜ ብላንፎርድ አብሮ ተላከ። ከዙላ እስከ መቅደላ ገደሉን እየመረመረ፥ አዕዋፍንና አራዊትን እየሰበሰበ ተጓዘ። የአሸዋውን ድንጋይ በአዲግራት፥ የኖራውን ድንጋይ በሕንጣሎ፥ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰውንም ድንጋይ በአሸንጌና በመቅደላ ስም ጠራው። መጽሐፉ በ1870 ዓ.ም. በሎንዶን ታተመ፤ የምድር መርማሪዎችም እስከ ዛሬ በነዚህ ስሞች ይጠቀማሉ። እርሱም በ1905 ዓ.ም. ሞተ።

ያ ዘመቻ ለኢትዮጵያ የኀዘን ዘመን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሞቱ፤ ብዙ የብራና መጻሕፍትም ተዘርፈው ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። ገደሉ ግን አልተወሰደም፤ ብላንፎርድ ያነበበው የድንጋይ መጽሐፍ ዛሬም በስፍራው ተዘርግቶ አንባቢ ይጠብቃል።

ስለዚህ አስተማሪ ተማሪዎቹን በመንደሩ አጠገብ ወዳለው ገደል ወይም ወንዝ ዳር ይውሰዳቸው። የትኛው ንብርብር ከታች፥ የትኛው ከላይ እንደ ሆነ ይጠይቃቸው፤ ምድሪቱ ካልተገለበጠች በቀር የታችኛው ታላቅ፥ የላይኛው ታናሽ ነውና። ሽማግሌዎችም የአፈሩንና የድንጋዩን የአገር ስም ለልጆች ይንገሩ። ልጁ ያየውን ይጻፍ፤ ያላየውን አይጨምር። ብላንፎርድን በ23 ዓመቱ ለእውነት ያበቃው ይኸው ነው፤ ሰው ስለ አገሩ ሙቀት የሚናገረውን ብቻ ሳይሰማ ድንጋዩ የሚመሰክረውን ተመልክቶ ጻፈ።