የሠራተኛ ጤንነትና ትምህርት ለፋብሪካ ሥራ ያለው ዋጋ

ፋብሪካ ያቋቋመ ሰው የመኪናውን ዋጋና የጥሬ ዕቃውን ክምችት አጥብቆ ይቈጥራል። በመኪናው ፊት የሚቀመጠው ሠራተኛ ግን ከደመወዝ መዝገብ በቀር በሒሳቡ ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ወደ ስፌት ፋብሪካ የገባ አዲስ ሠራተኛ እጁ እስኪፍታታ ድረስ ጨርቅ ይበላሻል፤ የባልንጀሮቹም ሥራ ይጓተታል። ሥራውን በለመደ ማግሥት ቢለቅ፥ ለማስተማሪያ የወጣው ገንዘብ አብሮት ይወጣል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሊቃውንት በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለይተው ተከታትለዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው እንደሚያስረዳው፥ ሥራው ከተሰጣቸው ሰዎች ሢሶው በመጀመሪያው ወር፥ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀዋል። ምክንያቱ ስንፍና ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ብዙዎቹ ሥራውን የማይመችና ለጤና የሚያሰጋ ሆኖ አግኝተውታል፤ ደመወዙም ይህን የሚያካክስ አልነበረም።

ሙቀት ብቻውን እንኳ ምን ያህል ሥራ እንደሚያጐድል በህንድ አገር በባንጋሎር ከተማ ታይቷል። በዚያ በሚገኙ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ለመቈጠብ ሲባል የቀድሞው የፍሎረሰንት መብራት በኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ተለወጠ። አዲሱ አምፖል የሚያወጣው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ፥ በሞቃት ቀን ከሠራተኞቹ እጅ የሚወጣው ሥራ ከፍ አለ። ለውጡ የታሰበው ለመብራት ሒሳብ እንጂ ለሰው አልነበረም!

በዚያችው ከተማ የተደረገ ሌላ ጥናት ትምህርትን ይመለከታል። ሴቶች የስፌት ሠራተኞች በዕጣ ተመርጠው መኪና መንዳትን ሳይሆን ሐሳብን አስረድቶ መናገርን፥ ጊዜን መመጠንንና ችግርን መፍታትን ተማሩ። የሠለጠኑት ብቻ ሳይሆኑ አብረዋቸው የሚሠሩት ያልሠለጠኑትም ሥራቸው ተሻሻለ። ትምህርቱ ካበቃ 8 ወር ሲሆነው ለፋብሪካው ያስገኘው ትርፍ ከወጪው 250 በመቶ ያህል ደረሰ። የሴቶቹ ደመወዝ ግን የጨመረው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በዚህ አንባቢ የራሱን ፍርድ ይስጥ።

ፋብሪካ የሚጐበኝ የከተማ ሹም ስንት መኪና እንደ ተተከለ መጠየቁ የተለመደ ነው። የሚጠጣ ውሃ በቅርብ መኖሩን፥ መስኮቱ መከፈቱን፥ ማታ የሚወጡት ሴቶች በምን እንደሚመለሱና ባለፈው ወር ስንት ሰው እንደ ለቀቀም ይጠይቅ። የመጨረሻው ቍጥር በማንኛውም የደመወዝ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።