ከጓንግ ወንዝ የምንማረው ምስጋና

ለጥናት፤ 1ኛ ነገሥት 17፥1–16፤ ማቴዎስ 5፥45



ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው ጓንግ፥ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። በበጋ እጅግ ይጐድላል፤ በብዙ ስፍራም አሸዋና ኩሬ ብቻ ይቀራል። በሰኔ 1853 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በታችኛው አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፥ በሌሊት እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ። ሲነጋ ትናንት ደረቅ አሸዋ የነበረው ስፍራ ታላቅ ወንዝ ሆኖ አገኘው። ውኃው የወረደው ከሐበሻ ተራሮች ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ ስጦታው ከሩቅ ይመጣል። የገዳሪፍ ገበሬ በጥቁር ዋልካ መሬቱ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል እንጂ ደመናን አያዝዝም። ጣሪያው ሲያፈስበት ክረምቱን የሚያማርር ደገኛም፥ ያው ውኃ ለሌላው ሕይወት መሆኑን አያስብም። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፥ መልካም የአየር ጠባይን ከዕለት እንጀራችን ጋር ቈጥሮታል።

ሁለተኛ፤ ስጦታው ለሁሉ ነው። በ1977 ዓ.ም. በራብ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት ምክንያት ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ ምድር በኡም ራኩባ ተጠለሉ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ ብዙዎች ከዚያ ወገን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። አስተናጋጁ እንግዳ ሆነ። ዝናቡ ግን በሁለቱም ወገን ይዘንባል።

ሦስተኛ፤ ወንዙ ቢደርቅ ሰጪው አይደርቅም። ኤልያስ የሚጠጣበት የኮራት ፈፋ ደረቀ፤ እግዚአብሔርም በባዕድ አገር ባለች በአንዲት መበለት እጅ መገበው። ስለዚህ የተጠማውን ሰው «አመስግን» ብለን ብቻ አንለፈው፤ ውኃ እንስጠው። ምስጋናችን ያን ጊዜ እውነተኛ ይሆናል።

ፍጥረት ሰጪ እንዳለ ያሳየናል፤ ሰጪው አባታችን መሆኑን ግን የምናውቀው በክርስቶስ መስቀል ነው።

ለመወያየት፤
1. ዛሬ ሳላመሰግን የተቀበልሁት ነገር ምንድር ነው?
2. የእኔ ፈፋ በደረቀ ጊዜ እግዚአብሔር በማን እጅ መገበኝ?
3. በአጠገባችን ላለው እንግዳ ማኅበራችን ምን ታድርግ?

በዚህ ሳምንት ውኃ በቀዳን ቍጥር ጥቂት ቆም ብለን ጌታን እናመስግን። አሜን።