ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በማን እጅ ነው?

ከኢተያ እስከ በቆጂ በስንዴና በቢራ ገብስ ንግድ የተሰማራ የአርሲ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ማኅበሮችን አሳምሮ ያውቃል። አንደኛው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት እያንዳንዱ አባል የዕጣው ብዛት ሳይታይ አንድ ድምፅ አለው። ሁለተኛው አክሲዮን ማኅበር ነው፤ በዚህኛው ድምፅ የሚመዘነው በአክሲዮን ልክ ነው። ይኸው ነጋዴ ግን ለሱቁ ሒሳብ ወይም ለላኪነት ሥራው ድረ ገጽ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲመርጥ፣ «ያለ ዋጋ ይገኛል» መባሉን ሰምቶ ይረካል፤ ማን እንደሚያስተዳድረው አይጠይቅም።

ክፍት ምንጭ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ የተገለጠና ማንም ሊገለብጠው፣ ሊያሻሽለውና ሊያከፋፍለው የተፈቀደ ማለት ነው። ሆኖም ፈቃዱ የሚናገረው ስለ ኮዱ ነው። የፕሮግራሙ ስም የማን እንደ ሆነ፣ ማሻሻያው ከየት እንደሚወርድ፣ የወደፊቱንም ማን እንደሚወስን በሌላ ቦታ የሚቈረጥ ጉዳይ ነው፤ ጭቅጭቁም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአያሌ ሱቆችና ላኪዎች ድረ ገጽ የሚሠራበት ዎርድፕሬስ ነው። ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉ ተለቋል። የንግድ ምልክቱ የዎርድፕሬስ ፋውንዴሽን ንብረት ሲሆን፣ ለንግድ የመጠቀሙ መብት አውቶማቲክ ለተባለው ኩባንያ ተሰጥቷል። ማሻሻያዎቹ የሚወርዱበት ዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ ደግሞ በኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ በማት ሙለንወግ የግል እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሙለንወግ ደብሊውፒ ኢንጂን ከተባለ ተወዳዳሪ ጋር በንግድ ምልክት ምክንያት ተጣልተው፣ ያንን ኩባንያ ከሰርቨሩ አገዱት። በጠቡ ውስጥ ምንም እጅ ያልነበራቸው ደንበኞችም የማሻሻያው መንገድ ተዘጋባቸው። እገዳው እንዲነሣ የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያዘዘው በዲሴምበር 2024 ነው። እህሉ የገበሬው ሆኖ ሳለ የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ እንደ መገኘቱ ነው።

ፈቃዱም ራሱ ሊለወጥ ይችላል። ሬዲስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ባለቤት ኩባንያ በማርች 2024 ለቀጣዮቹ እትሞች ፈቃዱን አጠበቀ። አስቀድሞ በነጻ ፈቃድ የወጣውን ኮድ ግን መልሶ መንጠቅ ስለማይቻል፣ በዚያው ወር ፕሮግራመሮች እሱን ይዘው በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ቫልኪን መሠረቱ። ከዚህ ቀደምም ኦራክል በ2010 ሰንን በገዛ ጊዜ፣ የኦፕን ኦፊስ ሠራተኞች ተለይተው ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን በማቋቋም ሊብሬኦፊስን አወጡ። በሊነክስ ከርነል ግን የቅጂ መብቱ በሺህ በሚቈጠሩ ጸሐፊዎች እጅ ተበትኖ ስለሚገኝ፣ ሁሉን ሳያስማማ ፈቃዱን የሚለውጥ ኩባንያ የለም።

ይህን ስንል ኩባንያን ለመንቀፍ አይደለም። የከርነሉን ኮድ በብዛት የሚጽፉት ከኩባንያዎች ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። ማኅበርም ቢሆን ስሙ ማኅበር ስለሆነ ብቻ አይሠራም፤ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሓፊና ስብሰባ የሚመጣ አባል ያስፈልገዋል። ይህን ለአርሲ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ነገሩ የውጭ አገር ወሬ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የፋይዳ ቁጥሩን ይመልከት። መታወቂያው የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በ2018 በሕንድ አገር በባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። አስተናጋጁ ሻጭ ኩባንያ ሳይሆን የትምህርት ተቋም በመሆኑና ኮዱም ክፍት በመሆኑ፣ መንግሥት በአንድ ሻጭ ዋጋ የሚታሰርበት ምክንያት ይቀንሳል።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚያስገባልዎ ባለሙያ ሲመጣ፣ ስሙንና የቅጂ መብቱን የያዘው ማን እንደ ሆነ፣ ፈቃዱ ቢለወጥ አሁን ባለው እትም ስንት ዓመት መሥራት እንደሚቻል ይጠይቁ። ከሁሉ ይልቅ የሱቁ መዝገብ፣ ማለት የዕቃው ዝርዝር፣ የደንበኛው ዱቤና የደረሰኙ ቁጥር፣ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ተራ ሠንጠረዥ መውጣት አለመውጣቱን በፊትዎ እንዲያሳይ ያድርጉ። መልሱ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የወጣውም ሠንጠረዥ በየሳምንቱ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ።