ቆዳን በፀሐይ የሚያስጠብስ የድንብላል ዘመድ

ድንብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድና ካሮት የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን በቦታኒ ትምህርት ተምረናል። መለያቸው አበባቸው ነው፤ ከግንዱ ጫፍ ቀጫጭን ዘንጎች እንደ ጃንጥላ አጥንት ተዘርግተው በየጫፋቸው ጥቃቅን አበቦች ይሸከማሉ። ከወጥ ቤታችን ስለማይታጡ ወገኑ ሁሉ ቸር ይመስለናል። ነገር ግን ከዚሁ ቤተሰብ የወጣ፣ በሩሲያ፣ በፖላንድና በባልቲክ አገሮች ሜዳውን የወረረ አደገኛ አረም አለ። ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ ጓደኛችን በመንገድ ዳር ሊያገኘው ይችላል። ከዚህም በላይ አረሙን የዘሩት የእርሻ ምሁራን ራሳቸው ስለ ሆኑ፣ ነገ በእርሻ ሥራ ለምንሰማራው ለእኛ ታሪኩ ሊጠና የሚገባው ነው።

ሩሲያውያን «ቦርሽቼቪክ» ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ሄራክሌዩም ሶስኖውስኪ ነው። የትውልድ ስፍራው የካውካሰስ ተራሮች ናቸው። በ1944 (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ማንዴኖቫ የተባለች የዕፅዋት ሊቅ ለይታ ገለጠችው፤ ስሙንም ሶስኖውስኪ በተባለው የካውካሰስ ዕፅዋት ተመራማሪ ሰየመችው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቭየት ኅብረት ለከብት መኖ ይፈለግ ነበርና፣ በብርድ አገር እንኳ ቶሎ አድጎ ብዙ ቅጠል የሚሰጠው ይህ ተክል እንደ ትልቅ ግኝት ተቈጠረ። በየኅብረት እርሻው ተዘራ። ላሞቹ በሉት፤ ወተታቸው ግን የተክሉን ሽታ ያዘ፣ የሚያጭዱትም ሠራተኞች ቆዳቸው ተላጠ። በ1991 ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙ እርሻ ባለቤት አጥቶ ቀረ፤ አረሙም ያለ ከልካይ ተስፋፋ። የእንግሊዝ አገሩ ወንድሙ ሄራክሌዩም ማንቴጋዚያኑም እንኳ የገባው ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ተብሎ ነበር፤ በ1828 በካምብሪጅሻየር ከአጥር ወጥቶ በዱር ሲበቅል ተገኝቷል።

መልኩን ለማወቅ መጀመሪያ ግዙፍነቱን መመልከት ነው። ቁመቱ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ግንዱ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ ሐምራዊ ነጠብጣብና ሻካራ ጠጕር አለበት። ቅጠሉ በጥልቅ የተሰነጣጠቀ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሜትር የሚሰፋ ነው። አበባው ነጭ ነው። ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ ሶቅራጥስ በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጠጥቶ ሞተበት የሚባለው መርዘኛ ተክልም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነውና እንዲሁ ነጠብጣብ አለበት። የዚያኛው ግንድ ግን ጠጕር የሌለው ልሙጥ ነው፤ ቅጠሉም እንደ ካሮት ቅጠል የደቀቀ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከጭማቂው ነው። በውስጡ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ቅመሞች አሉ፤ እነዚህ ቆዳ ላይ አርፈው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ተጣብቀው ሕዋሱን ይገድሉታል። ተንኰሉ ሲነካ አለማሳመሙ ነው። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ፀሐይ ላይ ይውላል፤ በማግስቱ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያም ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ጠባሳው ለወራት ይቆያል። የነካው ሰው ወዲያው በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ለሁለት ቀን ያህል ቦታውን ከፀሐይ ይሸፍን። ዓይን ከተነካ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። (የሚያስገርመው፣ ይኸው ዓይነት ቅመም መድኃኒትም ነው፤ በ1940ዎቹ የግብፅ ሊቃውንት በአባይ ሸለቆ ከሚበቅል አንድ የዚህ ቤተሰብ ተክል አውጥተው ለለምጽ ሕክምና አውለውታል።)

ስለ ማጥፋቱ ስንናገር፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማጨዱ ላይ ነው። ተክሉ የሚያብበው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብቦ ዘሩን ከጣለ በኋላ ይሞታል። ከማበቡ በፊት ከላይ ቢታጨድ ግን ከሥሩ እንደ ገና አቈጥቍጦ ለሌላ ዓመት ይቆያል፤ አጫጁ ዕድሜ ጨመረለት እንጂ አልገደለውም። ስለዚህ ጥቂት ከሆነ፣ በጸደይ ገና ትንሽ ሳለ በተሳለ አካፋ ዋናውን ሥር ከመሬት በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወርዶ መቍረጥ ነው። ሳይቈረጥ ቀርቶ ካበበ፣ ዘሩ ሳይበስል የአበባውን ራስ ቈርጦ ማቃጠል ይገባል፤ መሬት ላይ ቢተዉት ዘሩ እዚያው ሊበስል ይችላል። በሰፊ ሜዳ በጥልቀት ማረስና በግ ማሰማራት ይረዳሉ፤ ለዚህም ፊታቸው ጥቁር የሆነ በጎች ይመረጣሉ። መርዝ መርጨት የሚቻል ቢሆንም ወንዝ ዳር የሚያስከትለውን ጉዳት ማሰብ ያስፈልጋል።

ሠራተኛው ጭማቂ የማያሳልፍ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የዓይን መነጽር ያድርግ፤ የጥጥ ልብስ ጭማቂውን ስለሚመጥ ብቻውን አይበቃም። አንድ ተክል የሚጥለው ዘር እስከ 20 ሺሕ ሊደርስ ይችላል። አብዛኛው በሚመጣው ጸደይ ይበቅላል፤ የቀረው አፈር ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የጸዳውን ቦታ ምልክት አድርጎ በየዓመቱ ጸደይ አካፋ ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።