ይሁዳ ለምን ከበረ?

ጥያቄ፦ ወንድሙ ዮሴፍ እንዲሸጥ ያደረገው ይሁዳ የዳዊትም የክርስቶስም ቅድመ አያት መሆኑ ግራ ያጋባኛል። ከእሱ ምን እንማራለን?

መልስ፦ ኦሪት ዘፍጥረትም ጥፋቱን አይሸፍንለትም። ዮሴፍ በ20 ብር የተሸጠው በእሱ ሐሳብ ነው። በምዕራፍ 38 ምራቱን ትዕማርን በዝሙት ፀነሰች ሲባል በእሳት ትቃጠል ብሎ ፈረደባት፤ እሷ ግን ያረገዘችው ማንነቷን ሳያውቅ ከቀረባት ከራሱ ከይሁዳ ነበርና፣ ያኔ መያዣ የሰጣትን ቀለበትና በትር ላከችለት። ስሙን አልጠራችምና ዝም ብሎ ሊያስገድላት ይችል ነበር። እሱ ግን ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ናት ብሎ መሰከረ። ለእኔ ሰውየው የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። በምዕራፍ 44 ታናሽ ወንድሙ ብንያም በግብፅ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ሲል፣ በምትኩ እኔ ልቅር ብሎ የለመነው ይኸው ይሁዳ ነው። ማይሞኒደስ የተባለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ፍጹም ንስሐ የሚለው፣ ሰው ቀድሞ በወደቀበት ፈተና ዳግም ቆሞ ሳይወድቅ ሲቀር ነው፤ ይሁዳም በብንያም ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። እባክዎ ምዕራፍ 37፣ 38 እና 44ን በአንድ ላይ ያንብቧቸው።