የሰፈራችሁ ልጆች እየጠበቋችሁ ነው

ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ ወይም ወደ ዶዮገና የምትመለሱ ወጣቶች፣ የዛሬው ጽሑፌ ለእናንተ ነው። ባሕር ተሻግሮ በክረምት ካምፕ ልጆችን እንግሊዝኛ ማስተማርን የምትመኙ ብዙዎች ናችሁ። መልካም ምኞት ነው፤ አትተዉት። እስከዚያው ግን በእናታችሁ በረንዳ ላይ መጀመር ትችላላችሁ።

«የእኔው እንግሊዝኛ መቼ ጠራና ነው ሌላውን የማስተምረው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ፊደልን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለተማረ የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉና አስነብቡት። «ጫት» የሚመስል ነገር ቢያነብላችሁ አትሳቁበት፤ አትቆጡትም። ልጁ የተማረውን በትክክል ነው ያነበበው። የአካባቢያችሁ ቋንቋዎች፣ ሀዲይሳም ከምባትሳም፣ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በሁለቱም «ሲ» የምንለው ፊደል «ጭ» ተብሎ ይነበባል፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» ነው። ስለዚህ ስድስት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ሲጥ» ይሆንበታል። ሁለት «ኦ» ተከታትለው ሲያገኝም ድምፁን ይስበዋል፤ በቋንቋው ድርብ አናባቢ የሚጻፈው ድምፁ ሲረዝም ነውና።

ከማንቸስተር የመጣ በጎ ፈቃደኛ ይህን ለመረዳት ሳምንታት ይፈጅበታል። እናንተ ግን ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ ልጅ ሳላችሁ እናንተም እንዲሁ አንብባችኋልና። «ይህ ፊደል በእኛ ቤት እንዲህ ይባላል፣ በእነሱ ቤት ደግሞ እንዲህ» ብላችሁ በራሱ ቋንቋ ስታስረዱት የልጁ ፊት ሲበራ ታያላችሁ። ለዚህ ሥራ ከእናንተ የተሻለ ሰው ከየትም አይመጣም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

መንገዱም አዲስ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. ከ270 በላይ የአሜሪካ «ፒስ ኮር» በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ማገልገል ጀመሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሀዲይሳና ከምባትሳ ከመካከላቸው ነበሩ፤ ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹም ገና ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬም በየዓመቱ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲታወጅ፣ ከደም ልገሳውና ከአቅመ ደካሞች ቤት እድሳቱ ጎን የማጠናከሪያ ትምህርት አለ። ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ከፈቀደላችሁ እሰየው፤ ካልሆነም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አይጠፋም።

ሥራው ለምን እንደሚያስቸኩል አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን የሂሳቡም፣ የፊዚክሱም፣ የታሪኩም ጥያቄ የቀረበው በእንግሊዝኛ ነው፤ መልሱን እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ስንት ይሆን? ነገ በዚያ ፈተና የሚቀመጠው ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጎረቤታችሁ ነው።

በአምስት ልጆች ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ ጠዋት ይሁን፤ ግን እናቶችን ጠይቁ፣ ውኃ የሚቀዳና ከብት የሚያግድ ልጅ ሰዓቱ በእጁ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ሳምንት ብታስተምሩ 18 ቀን ነው። በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይያዙ፤ 90 ይሆናል። ነጠላ ቃል አታሸምድዱ። «ውኃ ስጠኝ»፣ «እህቴ ገበያ ሄደች»፣ «እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው» የሚለውን፣ ልጁ የኖረውን ነገር በእንግሊዝኛ አስብሉት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ ተነሥታችሁ በምልክት ተጫወቱ፣ ምልክቱን አይተው ይጻፉ። ከሁሉም የበለጠ የሚያስታውሱት የዚያን ቀን ትምህርት ቢሆን አይግረማችሁ።

ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። እዚያ ሱቅ ከፍተው ከደንበኛቸው ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩም ሞልተዋል። ጻፉላቸው። «በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቅዳና ላክልን፤ ዛሬ ምን ሸጥህ? ማን መጣ?» በሏቸው። ገንዘብ ብቻ ሲጠየቅ የኖረ ሰው በዚህ ልቡ ይነካል። ልጆቹም እንግሊዝኛን ከሚያውቁት ሰው አፍ፣ ከአጎታቸው ይሰሙታል።

ክረምቱ ያልፍና መስከረም ይጠባል፤ በሀዲያ የያሆዴ፣ በከምባታ የመሳላ በዓል ይደርሳል። ቤቱ በዘመድ ይሞላል፣ አታካናው ይቀርባል፣ ከደርባን ስልክ ይደወላል። ያኔ ስልኩን ለትንሹ ልጅ ስጡትና ዝም ብላችሁ አዳምጡት።