ማወቅ ያለብዎ፦ «መጠይቄን ይሙሉልኝ» የሚል ሊንክ ሲደርስዎ

ሸዋ ሮቢት ሆነው ቴሌግራም ሲከፍቱ «ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚል መልእክት ያገኛሉ። ላኪው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ ይበሉ አልልም። ከመክፈትዎ በፊት ግን ይጠይቁ፤ እሱ በራሱ አንስቶ አይነግርዎትም።

• ከየት ነው? የዩኒቨርሲቲውንና የአማካሪውን ስም ይጠይቁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶታል? ደብዳቤው ካለ ፎቶ አንስቶ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው።

• «ስም አይጻፍም» ሲልዎ ምን ማለቱ ነው? ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ስም ይተውና ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ቢሆን በዚህ ሰውን መለየት ይከብድ ይሆናል። እዚህ ግን አርጎብኛ የምትናገር፣ የ42 ዓመት፣ ማሾ ነጋዴ ሴት ስንት አለች? ገበያው ሁሉ ስሟን ይጠራል። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተማሪዎች የፌስቡክ መረጃ ስማቸው ተሰርዞ፣ የትምህርት ቤቱም ስም ተደብቆ ለተመራማሪዎች ተለቀቀ። አብሮት የወጣው ማብራሪያና ስለ ጥናቱ በይፋ የተነገረው ብቻ በቀናት ውስጥ ሃርቫርድ መሆኑን አጋለጠ። እነዚያ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ፤ የእርስዎ ቀበሌስ?

• ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ፖለቲካ አለበት? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እነዚህን የተለየ ጥንቃቄ የሚሹ መረጃዎች ይላቸዋል። የሰጡትን ፈቃድ የማንሳት መብትም አለዎ። «አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ምን አዩ?» የሚል ጥያቄ ካለበት፣ መልስዎ በማን እጅ እንደሚያድር ሳያውቁ አይጻፉ።

• ፎርሙ ምን ይመዘግባል? «ኢሜይልዎ ይመዘገባል» የሚል መስመር ካዩ ስምዎን ጽፈዋል ማለት ነው። መልሶቹ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በልጁ የግል አካውንት ነው። ስልኩ ቢሰረቅስ? መቼ ይሰርዘዋል?

• ግሩፕ ውስጥ ነዎት? የሽንኩርት ዋጋና የመንገድ ወሬ የምትለዋወጡበትን ግሩፕ ተመራማሪ ገብቶ ዝም ብሎ ሊያነብ ይችላል። አድሚኑ ፈቀደ ማለት እርስዎ ፈቀዱ ማለት አይደለም። ግሩፑ ክፍት ከሆነ፣ ቃል በቃል የተጠቀሰ ጽሑፍዎን መልሶ ፈልጎ እርስዎ ዘንድ መድረስ ቀላል ነው። ሐሳቡን በራሱ ቃል እንዲጽፈው ይንገሩት።

• ካርድ እሞላልዎታለሁ ብሏል? ስልክ ቁጥርዎ ከመልስዎ ጋር ታሰረ። ቁጥሩ ለብቻው ይመዝገብ።

• የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ ከጠየቀ ሌባ ነው።

ልብዎ ካረፈ ይሙሉለት። ቀበሌና ዕድሜ የሚለውን ግን ባዶ ይተዉት፤ ፎርሙ አላሳልፍ ካለ ለልጁ ደውለው «ይህን አንሳልኝ» ይበሉት።